ቃሉ በቀብሩ ዕለት

ጋሼ ቢራቱ «ላ» ካሉ ሰው ይሞታል። ይህን የማያውቅ የመዘምራን ልጅ አልነበረም። ቆሞሳችን አባ ተስፋዓለም ያውቁ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለቄስ ብዙ ነገር አይነገርም።

ቁምስናችን ትንሽ ናት። ጭሮን፣ እናቴ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የምትላትን ከተማ፣ ኦርቶዶክሱ በደወል፣ ሙስሊሙ በአዛን ሲቀሰቅሳት እኛ ካቶሊኮቹ መሀል ላይ ቆመን ጉሮሯችንን እንጠርግ ነበር። ትንሽ በመሆናችን ይመስለኛል ጋሼ ቢራቱ በመዝሙራችን ቀልድ የማያውቁት። በሳምንቱ ቀናት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዳኛ። የእሑዱን ንባብ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና መዝሙር ይመርጣሉ። ወንጌሉ ስለ ጠፋው በግ ከሆነ የመግቢያው መዝሙር ስለ ንጉሥ አይሆንም፤ «በጉ ሳይገኝ ዘውድ ልትጭኑ?» ይላሉ። የመባ መዝሙር ሲረዝም አይወዱም፤ ሰው ሰጥቶ ከተቀመጠ በኋላ የሚዘመር ነገር ልመና ይመስላል ባይ ናቸው። ቁርባን ላይ ከበሮ አያስነኩም። በዐቢይ ጾም ሐሌ ሉያ ያመለጠው ልጅ እስከ ትንሣኤ ኋለኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ረድፍ ደግሞ የሚታየው የእማማ ሳህሊቱ ጀርባ ብቻ ነው።

የቀብር መዝሙር ግን ለብቻው ሕግ ነበረው። ሬሳ ሳይኖር የሬሳ መዝሙር በቃሉ መዘመር ሞትን በስሙ መጥራት ነው ይባላል። ይህን ቤተ ክርስቲያን አትልም፤ ጭሮ ትላለች። በሌላ በኩል እኛ አራት መስመር ዜማ ለመያዝ ሳምንታት ይፈጅብናል፤ ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ጋሼ ቢራቱ መላ ዘየዱ። ዜማውን ብቻ በ«ላ» አስቀድመው ያስጠኑናል። ቃሉን የሚሰጡን በቀብሩ ዕለት ጠዋት ነው። አባ ልብሰ ተክህኖ የሚለብሱበት ክፍል በር ላይ ቆመው ለሟቹ የሚገባውን ቃል አንድ መስመር፣ አንድ መስመር ያቀብሉናል፤ ለገበሬ የገበሬ፣ ለእናት የእናት። ከዚያ ገብተን እንዘምራለን፣ ከዚያ ቃሉን እዚያው መቃብሩ አፍ ላይ ጥለነው እንመጣለን። ሁለተኛ አይዘመርም።

እኛ ልጆቹ የምናውቀው እንግዲህ ይህን ነው፦ «ላ» ጀመርን፣ ደወል ደዋዩ ሽማግሌ ሞቱ። «ላ» ጀመርን፣ የመሰላዋ ባልቴት ሞቱ። መሀል ላይ ተውነው፤ ማንም አልሞተም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከዚህ ባነሰ ማስረጃ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፉ ሰዎች አይቻለሁ።

አባ ለሕሙማን ቀንዲል ሲቀቡ ተከትለው ቅባቱን ይዘው የሚቆሙት ጋሼ ቢራቱ እንደነበሩ፣ ማን እንደማይነሳ በዐይናቸው ዐይተው ዜማ የሚጀምሩ መሆናቸው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን አሥር ዓመቴ ነበር፤ አሥር ዓመት ደግሞ ሁሉም ነገር በምክንያት የሚሆንበት፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚያስፈራ የሆነበት ዕድሜ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ደርሰንበት ነበር። ዜማውን ብቻዋን የምትጀምረው ልጅ ከሟቹ ቤት ናት። ለደወል ደዋዩ የጀመረችው የልጅ ልጃቸው ኤደን ናት። ኤደን ራሷ ነበረች ይህን የነገረችን፤ መመረጧን ለአያቷ ስትነግራቸው ጸጉሯን እንደዳበሷት፣ በሳምንቱ እንደሞቱ፣ እያለቀሰችም እየኮራችም።

*

ያ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። የፍልሰታ በዓል እየደረሰ ስለነበር ሁላችንም ከበሮ ያለው፣ እጅ የሚጨበጨብበት መዝሙር ነበር የምንጠብቀው። ቅዳሜ ተሰብስበን የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናቡ ሲንዶሸዶሽ ጋሼ ቢራቱ ተነሱ፣ ከበሮ መቺውን እጅህን አጣጥፍ አሉትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ላ» አሉ።

አዲስ ዜማ ነበር። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አናት ላይ ሲደርስ የሚወድቅ ይመስላል፣ ግን አይወድቅም። እማማ ሳህሊቱ ከፊታችን ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥሩ ነበርና ጣታቸው ቆመ። ዞር ብለው፣ «ይሄ የኔ አይደለም፤ እኔ ቁመቱ አጠር ያለ ነው የምፈልገው» አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሼ ቢራቱም ሳቁ፤ ዐይናቸው ግን ረድፋችን ላይ ነበር። ኤደንን አለፏት።

«ሚካል፣ ይህን አንቺ ነሽ የምትጀምሪው።»

ኤደን ክርኔን ያዘችኝ። ሌሎቹ ልጆች ከአጠገቤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ራቅ አሉ፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው።

የኛ ቤት ማለት እናቴ ማለት ነው። አባቴ ከተወለድኩ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ሄደ ማለቴ ነው እንጂ ሞተ አላልኩም። ስለዚህ «ከሟቹ ቤት» የሚለው ሕግ በኛ ቤት ላይ ሲሠራ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። እናቴ ሙሉመቤት የካቶሊክ ሲስተሮቹ ክሊኒክ ነርስ ነበረች። በዚያ ላይ ጤነኛ ነበረች፤ ወይም እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ጤነኛ ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን መመልከት ጀመርኩ፤ የሚመለከት ሰው ደግሞ ያያል። ምሳ ግማሹን ትታ እንደምትነሳ አየሁ። ቧንቧው ሥር ልብስ እያጠበች ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ አየሁ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በፊት ቤታችን ያልነበሩ ብልቃጦችና መርፌዎች አገኘሁ። ክዳኑን መልሼ ስገጥም እጄ የአልኮል ሽታ ያዘ። በሳሙና ታጠብኩት፤ አልለቅ አለ። ወይም ልቤ ውስጥ ነበር የቀረው።

ለምን እናትሽን አልጠየቅሻትም የሚል ሰው ይኖራል። ብጠይቃት እውነቱን ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ።

ጋሼ ቢራቱ አመሻሽ ላይ ቤታችን መምጣት የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነው። ሲመጡ እናቴ ሁልጊዜ የሚገዛ ነገር ይጎድላታል። አንድ ቀን ክብሪት ግዢ ብላ የዚያድ አባት ሱቅ ላከችኝ። ዚያድ እኩያዬ ነው፤ አባቱ ከስልጤ አገር መጥተው ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ክብሪቱን ይዤ ሮጥኩና በጓሮ ዞሬ መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። በኦሮምኛ ነበር የሚነጋገሩት። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ድንችና ሽንኩርት ይገዛል፣ ስለ ሞት ሲወራ ያነክሳል። ቢሆንም ጋሼ ቢራቱ «የሮን ገባባዳ» ሲሉ ሰማሁ። የሮ ጊዜ ነው። ገባባ ደግሞ መናኸሪያ ያለው የአጭሩ ወዛደር ቅጽል ስም ነው፤ አጭር ማለት። ጊዜው አጭር ነው። ቀጥለው «ሂን ሂሚን» አሉ። ይህንንማ ዚያድ ስኳር ሰርቀን ስንልስ ነው ያስተማረኝ፤ አትናገሪ ማለት ነው።

ከዚያ ጋሼ ቢራቱ ዝቅ አድርገው አንድ ዜማ በ«ላ» አሰሙ። ትንሽ ቆዩና ሌላውን፣ እኔ የምጀምረውን፣ አሰሙ። ወደ አማርኛ መጡ።

«የቱ ይሻላል፣ ሙሌ?»

«ሁለተኛው» አለች እናቴ። «የመጀመሪያው ያስፈራል።»

«እንግዲያው እሱ ይሁን።»

ሰው የራሱን መዝሙር ሲመርጥ ሰማሁ ማለት ነው፤ ቀሚስ እንደሚመርጥ፣ ይሄኛው ይሰፋኛል እንደሚል። የክብሪቱን ሳጥን በጣቴ ጨፍልቄው ነበር። ስገባ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ከዐይኗ አወረደችና ክብሪቱን ተቀበለችኝ፤ ስለ መጨፍለቁ ምንም አላለችም። ቆጥ የሰበረች ዶሮ ላይ እንኳን የምትቆጣ ሴትዮ ዝም አለችኝ። በነጋታው ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ሂርና አክስትሽ ሄለን ጋ ትቆያለሽ አለችኝ። እስከ መቼ ስላት፣ «እስኪ እናያለን» አለች። ልጅ ከሚሰማው ንግግር ሁሉ እንደ «እስኪ እናያለን» የሚከብድ የለም።

ሁለቱን ዜማ ለምን እንዳስመረጧት የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው፤ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እንደ ዋዛ። ስንቱን ሰው የሸኘ መዝሙር የመረጡ ሰው ለራሳቸው መምረጥ አፍረው ነበር። መርፌዎቹም የሳቸው ነበሩ፤ ክሊኒክ ሄደው ቢወጉ በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል ብለው ማታ ማታ እኛ ቤት የሚወጉት። ሂርና የምላከው ደግሞ እሷ አዲስ አበባ ልትወስዳቸው አስባ ነው። ኤደንም የተመረጠችው ያኔ ከሁላችን ቀጭን ድምፅ የነበራት እሷ ስለሆነች ብቻ ነው፤ በኔ ጊዜ ደግሞ እኔ። ሕጋችን እንዲህ ነበር የተሠራው።

*

መላ የመጣልኝ መናኸሪያ ነው። እናቴ ለአክስቴ ዕቃ በሚኒባስ ልትልክ አስከትላኝ ሄዳ ነበር። የሂርናው ሚኒባስ ሰው ከላይም ከታችም ጭኖ በሩ አልዘጋ ብሎት ወያላው በጀርባው ይገፋዋል። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ በጭቃው ውስጥ እየሮጠች መጣች። ወያላው፣ «ሞልቷል፣ እናት፣ ሞልቷል» አለና በሩን ደረገመው። መኪናው ሄደ። ሴትዮዋ ቆማ ቀረች።

እኔ የታየኝ የሴትዮዋ መቅረት ነው። ቀረች፤ አልተወሰደችም።

ዜማው ባዶ ስለሆነ ነው ሰው የሚፈልገው። በ«ላ» የሚጠብቀው የሚሳፈርበት ሰው አጥቶ ነው። ቃል ከሞላበት ግን ለእናቴ ቦታ አይኖረውም። ቤት እስክንደርስ ቃሉን ጨረስኩ።

ሂርና፣ ሂርና፣ ጠጋ በሉ፣
ዶሮ ከሥር፣ ጫት ከላይ፤
መኪናው ሞልቷል፣ ሂድ በሉ፣
ሰው አንጭንም ከዚህ በላይ።

ለኤደን አስተማርኳት። ኤደን ፈራች፣ ግን ወደደችው። ለረድፋችን ሁሉ አስተማርናቸው። ዚያድ የመዘምራን ልጅ አልነበረም፤ ሰማንና እሱም ያዘው፣ ስኳር ሲመዝን ይለው ጀመር። አባቱ ነሺዳ፣ የእስልምና መዝሙር፣ መስሏቸው ዝም አሉት። ከዚያማ ማን ይይዘዋል። ወያላዎቹ ያዙት። ጋሼ ቢራቱ የቀመሩት የቀብር ዜማ የሂርናንና የመሰላን መንገደኛ ይጠራ ጀመር፤ ጫት ጫኝ ሁሉ ያፏጨዋል። በአጭሩ እንደማንኛውም የአገራችን ሃይማኖታዊ ጉዳይ ከእጃችን ወጣ።

እኔ ግን ማታ ማታ ስተኛ እፎይ እል ነበር። በሰማሁት ቁጥር ዜማው ይጠቀጠቃል፤ እናቴ ሴትዮዋን ሆና ጭቃው ላይ ቆማ ስትቀር ይታየኛል።

ቅዳሜ መጣ። ጋሼ ቢራቱ ልምምዱን አልጀመሩም። ረድፋችን ፊት ቆሙና ይህን ቃል ያስገባው ማነው አሉ፤ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። ማንም አልተናገረም። ግን አሥራ ምናምን ዐይን በአንድ ጊዜ ዞረብኝ፤ ዝምታችንም የመዘምራን ነበር፣ በኅብረት። ሌሎቹን አሰናበቷቸው። ኤደን በር ላይ ደርሳ ዞራ አየችኝ፤ ወጣች።

ብቻችንን ቀረን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ጋሼ ቢራቱ አግዳሚውን በእጃቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ሌላውን እጃቸውን ከጎድናቸው ሥር አኖሩ። ዐይናቸው ቢጫ ነበር። ሰው ሲናደድ ዐይኑ ይቀላል እንጂ ቢጫ ሲሆን አላውቅም፤ ይህ የባሰው ንዴት ይሆናል አልኩ። ቀበቷቸው ላይ በሚስማር የተበሱ አዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የተረፈው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ሊፈቱት ነው ብዬ ቀበቶውን ብቻ አየሁ።

«ዘምሪልኝ» አሉ።

ዘመርኩ። ሂርና፣ ዶሮ፣ ጫት፣ ሁሉንም። ድምፄ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጣል።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ትቸኩያለሽ። ‹ሞልቷል› ላይ ቆም በይ፤ መኪና እንኳን ሲሞላ ይቆማል።» ጥቂት ተነፈሱ። «ለምንድነው ሰው የማንጭነው?»

ላለመናገር አስቤ ነበር። ግን ቀበቶው አልተፈታም፤ ድምፃቸውም ገር ነበር፤ ለዚያ አልተዘጋጀሁም።

«ቃል ካለው ለእማዬ ቦታ አይኖርም።»

«ሙሌ ትሞታለች ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ።»

ጋሼ ቢራቱ የሰው ፊት ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ያኔ አሳዩኝ። ተማሪ እንቆቅልሽ ጠይቋቸው መልሱ እንደጠፋባቸው፣ ደግሞ መልሱን እያወቁ መናገር እንደማይችሉ ሁሉ። «ለእናትሽ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

የተንጠለጠለውን የቀበቷቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት።

«ይማሉልኝ።»

ጋሼ ቢራቱ የማይምሉ ሰው ነበሩ። ክፍል ውስጥ ልጅ «እግዜርን» ሲል የሚያስወጡ ሰው ነበሩ። «በእመቤታችን» አሉኝ፣ እጃቸውን አንስተው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቴ እጥፍ ሆነ። የማይምል ሰው የማለው እውነቱ በጣም ከብዶት ነው አልኩ። ሊያጽናኑኝ ብለው ኃጢአት ገቡ አልኩ።

ስወጣ ጠሩኝ። «ቃሉን አትጣይው፣ ሚካል። አንቺ ያዥው።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወደ ቤታችን አልመጡም። እናቴ ናት የምትሄደው፤ የብስኩት ቆርቆሮውን በነጠላዋ ሸፍና። የኔን የሂርና ሻንጣ ደግሞ አንድ ከሰዓት ፈታችው። ልብሴን አንድ በአንድ መልሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ስትደረድር አልጋው ላይ ተቀምጬ አየኋት። ለምን እንደማልሄድ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጋሼ ቢራቱ አዲስ አበባ አልሄድም ብለው ነበር። እኔ የገባኝ ግን ጊዜው ከሂርና መንገድ በላይ አጥሮ መሆኑ ነው። የዚያን ዕለት ከእናቴ ጎን አልተለየሁም፤ ስታሸልብ ደረቷን እያየሁ፣ ሲወጣ እየተነፈስኩ፣ ሲወርድ እየጠበቅኩ። ዜማውንም በቃሉ እላለሁ፣ ከከንፈሬ ሳላወጣ። ሞልቷል ላይ ቆም እላለሁ።

*

ከፍልሰታ በዓል በኋላ አንድ ጠዋት ስነቃ የእናቴ አልጋ ባዶ ነበር። አንሶላው ቀዝቅዟል። ውጭ ደወላችን ይሰማል፤ አንድ ጊዜ ይመታና ይቆያል፣ እንደገና ይመታና ይቆያል።

ደወሉ ወዳለበት ስሮጥ አንድ ጫማዬን ጭቃው በላው፤ አልቆምኩም። የዚያድ አባት የሱቁን አንዱን በር ብቻ ከፍተው ቆመዋል። ሲያዩኝ «ኢና ሊላሂ» አሉና መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። ዚያድ ከኋላቸው ሆኖ አየኝ። በሕይወቱ አንድ ነገር ሳይቀልድብኝ ያሳለፈኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። የቀረኝን መንገድ እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም።

ጋሼ ቢራቱ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ የሚኖሩት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ነው። በራፉ ላይ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። በመሀላቸው ሾልኬ ገባሁ። አልጋው ላይ ሰው ተኝቷል፤ ከራሱ እስከ እግሩ ተሸፍኗል። የተሸፈነበት ነጠላ አረንጓዴ ጥለት አለው፣ ጥጉ ላይ ክሊኒክ ውስጥ የፈሰሰበት የአዮዲን ቦታ አለው። የእናቴ ነጠላ ነው።

የእግሩን ርዝመት ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። እናቴ አጭር ናት፤ አልጋው ላይ ያለው ሰው እስከ ግርጌው ደርሷል። ዐይኔ ግን ከአዮዲኑ ቦታ አልነቀል አለ። አፌ ተከፍቶ ነበር፣ አየር ግን አልነበረበትም፤ ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ነጠላው ሥር ገብቶ ነበር።

ከጓዳው በኩል እናቴ ወጣች። እጅጌዋን ጠቅልላ፣ የውሃ ሳፋ ይዛ። ሬሳውን ያጠበችው እሷ ናት። «ሚካል፣ ማን ወደዚህ ነይ አለሽ» አለች። ከዚያ ፊቴን አየች፣ ሳፋውን አስቀመጠች፣ እርጥብ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። «ጋሼ ቢራቱ ናቸው» አለችኝ። «ጋሼ ቢራቱ ናቸው ያረፉት።»

ሳቅሁ። ሆዷ ላይ ፊቴን ቀብሬ፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ ሳቅሁ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ «እንዴት ትወዳቸው ኖሯል» አለች አንዷ። እወዳቸው ነበር። ግን ያን ሰዓት ለሳቸው የሚሆን ቦታ አልነበረኝም፤ ደስታዬ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

ከቅዳሴው በፊት ተሰልፈን ስንቆም ነው ችግሩ የታወቀው። በሩ ላይ ቆሞ ቃል የሚያቀብል ሰው የለም። ቃሉን የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ሳጥን ውስጥ ናቸው። መዘምራኑ እርስ በርስ ተያዩ። አባ ተስፋዓለም ቃሉ የት ነው አሉ። እማማ ሳህሊቱ ለማንም ሳይሆን፣ «የሁሉን ሰው ቃል ሲያዘጋጁ የራሳቸውን ረሱት» አሉ።

እናቴ ከአግዳሚው ተነሳች። «ቢራቱ አልረሳውም፣ አባ። ቃሉን ሚካል ይዛዋለች ብሎኛል።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ረድፋችን መሬት መሬት አየ። አባ ልብስ መልበሻው ክፍል አስገቡኝና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡኝ። አራቱንም መስመር በሹክሹክታ ነገርኳቸው። አባ መነጽራቸውን አውልቀው በልብሰ ተክህኗቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ወለወሉት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ አባ።»

«ዶሮም አለበት?»

«ከሥር ነው፣ አባ።»

መነጽሩን መልሰው ሲያደርጉ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለቅሶ ይሁን ሌላ አልገባኝም። «በ‹ላ› ይሁን» አሉ።

ስለዚህ በ«ላ» ጀመርኩ። የፈራሁት፣ የደፈንኩት፣ ባዶው ዜማ ከነባዶው ወጣ። ሁለተኛው መስመር ላይ ረድፋችን ተቀበለኝ። ከዚያ ደግሞ የማላውቃቸው ድምፆች ገቡ። መዝሙራችንን የማያውቁት የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን፣ ከቦኬ የመጡት አማርኛ የማይሰሙት የጋሼ ቢራቱ ዘመዶች፤ የሚያጠፉት ቃል ስለሌለ ሁሉም አሉት። በር ላይ መናኸሪያው በሙሉ መጥቶ ቆሟል፤ ስንቱን አስተምረዋል። ወያላዎቹ «ላ» አላሉም። ከንፈራቸውን ሳየው ዶሮው ከሥር፣ ጫቱ ከላይ ነበር፤ ድምፅ ግን የለውም። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆም አልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አብሮኝ ቆመ። ፊተኛው አግዳሚ ላይ እናቴ ያለ ነጠላ ተቀምጣ ትተነፍስ ነበር።

እንደዚያ ዘምሬ አላውቅም። የጭሮ ሰው አባቷ እንደሞተባት ልጅ ዘመረች እያለ ዓመት አወራው። እውነቱ እናቷ እንደተመለሰችላት ልጅ መሆኑን ያወቀ ያለ አይመስለኝም፤ ምናልባት ቃሉን ያስያዙኝ ሰውዬ።

እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፤ በዓል ሲሆን እወርዳለሁ። ባለፈው ፍልሰታ ቤት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ደክሟታል፣ ልብሷ ሰፍቷታል። ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች። በር ላይ ቆምኩ። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አናት ላይ ሲደርስ የሚወድቅ ይመስላል። ላ፣ ላ፣ ትላለች።

ሻንጣዬን እንኳን አላስቀመጥኩም። ከኋላዋ ገባሁና ጮክ ብዬ፣ እንደ ወያላ፣ ሂርና፣ ሂርና፣ ጠጋ በሉ አልኩ።

እናቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች ዞረች። «ምን ሆነሻል አንቺ? ሰላምታም የለ?»

«ቀጥይ፣ እማዬ» አልኳት። «በቃሉ በይው።»